ከሽሮ ሜዳ ወደ ጋሞ ደጋ፦ ለመስቀል ወጥተን እዛው የቀረንበት ጉዞ

መስከረም ሲጠባ ሽሮ ሜዳ ያለው የሸማኔ ሰፈር ጭር ይላል። የጋሞ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ከርሞ ለመስቀል አገሩ ይገባል፣ በሬ ይታረዳል፣ ዘመድ ይጠየቃል፣ ከዛ ጥቅምት አካባቢ ሁሉም ተመልሶ መወርወሪያውን ያነሳል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ብሆንም ካገባሁ ወዲህ እንደዛው ስንሄድ ስንመለስ ነው የኖርነው። በ2017 ግን የኪራይ ቤቱን አስረክበን፣ የልጆቹን መልቀቂያ ከትምህርት ቤት አውጥተን፣ የባለቤቴን የሸማ እቃ ፈታተን ጭነን ነው የወጣነው። የምንሄደው የባለቤቴ አባት ትተውልን ወዳረፉት መሬት ነው፣ ከጨንቻ ከተማ አልፎ ወደ ጉጌ ተራራ በኩል፣ የመብራት ምሰሶ ያልደረሰበት፣ ቧንቧ የሌለው፣ መኪና በበጋ ብቻ የሚገባበት መንደር።

ብዙ ሰው "ልጆች ይዛችሁ መብራት የሌለበት አገር እንዴት ትሄዳላችሁ" ብሎ ተቆጥቶናል፣ ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። የኪራዩ ነገር በየስድስት ወሩ እየጨመረ ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት ሠርቶ እንኳን የቤት ኪራይና የክር ዋጋ ብቻ ነበር የሚሸፍነው፣ ለልጆቹ የሚተርፍ የለም። እዛ ደሞ እንሰት የሞላው ጓሮ ሰው አጥቶ ቆሟል። በየቀኑ በስልኬ ስጽፍ የነበረውን ነው እዚህ የማወጣው፣ እንደኛ ለሚያስቡ ሰዎች ዝርዝሩ ይጠቅማል ብዬ።

መስከረም 7፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ እቃ ስናስር ዋልን። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑና የኤሌክትሪክ ምጣዱ ባለፈው ሳምንት ተሽጠዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ እሱን በሶላር ላስኪደው ብል ሌላ ቤት የሚሠራ ገንዘብ ነው የሚጠይቀኝ፣ ስለዚህ ወረቀት ይዘን ቁጭ አልንና በርግጥ መብራት የሚፈልገውን ነገር ብቻ ጻፍን። አራት ባለ 5 ዋት አምፖል ማታ ማታ ለአምስት ሰዓት ቢበራ 100 ዋት ሰዓት ነው፣ ሦስት ስልክ ወደ 45፣ ሬድዮና የእጅ ባትሪ ምናምን ሲጨመር በቀን 200 አይሞላም። በቃ ይሄው ነው። የልብስ መኪናዬ በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ነው። የሸማ እቃው ደሞ እንጨት፣ ገመድና የሰው እጅ እግር ነው፣ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያለ መብራት ሲሠራበት የኖረ ሙያ። ወረቀቱን ሳየው እንጀራችን መብራት አይፈልግም አልኩኝ፣ ከዛ በኋላ ፍርሃቱ ቀለለኝ።

የገዛነው 200 ዋት ፓኔል አንድ፣ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሊቲየም ባትሪ አንድና ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠር ቻርጅ ኮንትሮለር ነው፣ ሁሉም ከመርካቶ። ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የባትሪ ዋጋ በየሳምንቱ ነበር የሚቀየረው፣ ስለዚህ ነሐሴ ላይ እቁብ ስትደርሰኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ ባትሪውን ገዛሁ። ሰዎች የመኪና ባትሪ ይሻላችኋል ርካሽ ነው ብለውን ነበር። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ነው የተሠራው፣ በየማታው ግማሽ ድረስ ከተሟጠጠ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ሊቲየሙ ከያዘው 80 በመቶውን ብትጠቀሙበትም ለዓመታት ይቆያል። ሒሳቡን ስሠራው ፀሐይ ጭራሽ ባትወጣ እንኳን ለአምስት ቀን ያህል ያበራልናል፣ ለደጋ ጉም ይሄ ግዴታ ነው።

መስከረም 8፣ ረቡዕ

ሌሊት 10 ሰዓት ወጣን። እቃው ለብቻው በአይሱዙ ሄዷል፣ እኛ ከሌላ ለመስቀል ከሚሄድ ቤተሰብ ጋር አንድ አባዱላ ተከራየን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እማማ (የባለቤቴ እናት)፣ ሚጣ 11 ዓመቷ፣ ማሙሽ 6። መንገዱ በአለም ገና፣ በአዋሽ ድልድይ፣ በጢያ፣ በቡታጅራ፣ በወራቤ፣ በሆሳዕና አድርጎ ሶዶ ነው የሚገባው። ጢያ ጋ ስናልፍ ሚጣ ትክል ድንጋዮቹን እንያቸው አለች ግን ገና አልነጋም ነበር፣ ሹፌሩም የሚቆም አይመስልም።

ከቡኢ ጀምሮ እንሰት በግራና በቀኝ ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ እስከ ጋሞ ድረስ አይጠፋም፣ ጉራጌ ስልጤ ሀዲያ ወላይታ ሁሉም ጓሮው እንሰት ነው። እማማ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው "ይሄ የአምስት ዓመት ነው፣ ያቺ ለመፋቅ ደርሳለች፣ ያ ደግሞ ታሟል" እያሉ ለልጆቹ ያሳያሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እማማን እንደዚህ ሲያወሩ አይቻቸው አላውቅም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሽሮ ሜዳ ጥጥ ሲፈትሉ ኖረው ስለ እንሰት የሚያውቁት አንድም አልጠፋቸውም፣ ያን ያህል እውቀት ከተማ ውስጥ የሚፈልገው ሰው አለመኖሩ አሳዘነኝ።

ሶዶ ማታ ገባን። ከአዲስ አበባ ወደ 330 ኪሎ ሜትር ነው። ማሙሽ ከሆሳዕና እስከ አረካ ሲያስመልሰው ነበር፣ ሎሚ አሽትተነው ትንሽ ተሻለው። አደርን።

መስከረም 9፣ ሐሙስ

ከሶዶ ሲወረድ አየሩ ይቀየራል። ምዕራብ አባያ ስንደርስ ሙዝ በሙዝ ነው፣ ሙቀቱ ደሞ ሹራብ ያስወልቃል። አባያ ሐይቅ ቀይ ቡናማ ሆኖ በግራ በኩል ይታያል። አርባ ምንጭ ከሰዓት በፊት ደረስን።

እዚህ የቀረውን እቃ ገዛን፤ 500 ሊትር ሮቶ ሁለት፣ አሸንዳ፣ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ለአሸንዳው ማንጠልጠያ። አንድ ባለ 1,000 ሊትር ቢሆን ይረክስ ነበር፣ ግን ከጨንቻ በኋላ በሰው ትከሻ ነው የሚሄደው፣ በጠባብ የእግር መንገድ ትልቁን መሸከም አይቻልም። ሩቅ ቦታ ለምትገቡ ሰዎች ይሄን ልብ በሉ፣ እቃ ስትገዙ መጀመሪያ የመጨረሻውን የእግር መንገድ አስቡት።

ማታ እራት በልተን ባለቤቴ ለሚጣ የሽማግሌዎቹን ነገር ነገራት። መስከረም 2011 ላይ በቡራዩ ብዙ የጋሞ ሰዎች ተገድለው፣ ተፈናቅለው፣ ሬሳ ወደዚህ ሲመጣ የአርባ ምንጭ ወጣት ተቆጥቶ ሊበቀል ወጥቶ ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እሱን ረግጦ ማለፍ የለም፣ ወጣቱ ተመለሰ። ሚጣ "አባዬ አንተ እዛ ነበርክ?" አለችው፣ "የለሁም፣ ሽሮ ሜዳ ሆኜ በስልክ አይቼ አለቀስኩ" አላት። እኔም ያኔ አጠገቡ ነበርኩ። ልጆቼ የነዚህ ሰዎች ልጆች እንደሆኑ እያወቁ እንዲያድጉ እፈልጋለሁ፣ ይሄም ከምክንያቶቻችን አንዱ ነው።

መስከረም 10፣ ዓርብ

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ነው ግን ወደ ላይ ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጨንቻ ከ2,700 በላይ፣ ከሙዝ ተነስተን በአንድ ጠዋት ገብስና ቀርከሃ ውስጥ ገባን። ዘወር ባልን ቁጥር አባያና ጫሞ ከታች ይታያሉ፣ በመሀላቸው የእግዜር ድልድይ። ዶርዜ ስንቃረብ ጉሙ ወረደና ሁሉም ነገር ጠፋ። ማሙሽ ጋቢ ውስጥ ገብቶ "እማዬ ክረምት አላለቀም እንዴ" አለኝ።

አይሱዙው ከጨንቻ በታች ጭቃ ይዞት ሁለት ሰዓት ቆመ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ማንም ሳይጠራቸው ቀርከሃ ቆርጠው ጎማው ስር አነጠፉና ገፍተው አወጡት፣ ገንዘብ ስንሰጣቸው እንቢ አሉ፣ ለመስቀል የመጣ ሰው ገንዘብ አይከፍልም ብለው። ባለቤቴ በጋሞኛ ሲያመሰግናቸው ድምፁ ተቀየረ።

ጨንቻ የባለቤቴ አክስት ቤት ነው ያደርነው። ቆጮ በዳጣና በማር አቀረቡልን፣ ለልጆቹ ደሞ የጨንቻ አፕል፣ ከጓሯቸው የተቆረጠ። እትዬ ስለ ሶላሩ ሰምተው "ልጄ እኛ ጋ እኮ ፀሐይ እስከ አራት ሰዓት አትወጣም፣ አንዳንዴም ጭራሽ አትወጣም" አሉኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አሳየኋቸው። በጠራ ቀን ከፓኔሉ 600 ዋት ሰዓት ገደማ እናገኛለን፣ ጉም በዋለበት ቀን የዛን ሲሶ ብናገኝ እንኳን የምንፈልገው 200 ስለሆነ ይበቃል። ፓኔሉን ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ያደረግነው ለዚሁ ነው። እትዬ ወረቀቱን ገልብጠው አዩትና "እንግዲህ ከበራ እኔም ስልኬን ይዤ እመጣለሁ" አሉ።

መስከረም 11፣ ቅዳሜ

ጠዋት የመንደሩ ሰዎች ጨንቻ ድረስ መጥተው ጠበቁን፣ ሃያ የሚሆኑ ወንዶችና ሦስት ፈረስ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። ሮቶዎቹን በሁለት ዘንግ አድርገው አራት አራት ሆነው ተሸከሙ፣ ፓኔሉን በጋቢ ጠቅልለን ባለቤቴ ራሱ በጀርባው አዘለው፣ ባትሪውን ፈረስ ላይ ጫንን። የሸማ እቃውን ግን ሽማግሌ አንድ አጎት "ይሄን እኔ ነኝ የምይዘው" ብለው ለማንም አልሰጡም። በልጅነታቸው ከአማቼ ጋር አብረው ተምረውበታል። መንገዱ በገብስ ማሳ መሀል ይወጣል ይወርዳል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በእግር፣ ከልጆች ጋር ከዛ በላይ። እማማ ፈረስ እንቀጥርልዎ ብንላቸው እንቢ ብለው በእግራቸው ነው የገቡት።

ቤቱ የቀርከሃ ቤት ነው፣ ዶርዜ ቤት የሚባለው። ስለሱ ትንሽ ልበል ምክንያቱም መኖሪያችን ሆኗል። ሙሉው በተፈለጠ ቀርከሃ ይጠለፋል፣ ላዩ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ይከደናል፣ ፊቱ ላይ የዝሆን ኩምቢ መስሎ የወጣ መግቢያ አለው። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል፣ ምስጥ ከስር በበላው ቁጥር የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፣ እንደዛ እያለ 60 ዓመትና ከዛ በላይ ይኖራል፣ ካስፈለገም ሰዎች በዘንግ አንስተው ሌላ ቦታ ይተክሉታል። የኛው ብዙ ወርዷል፣ ባለቤቴ ሲገባ አንገቱን ይሰብራል፣ ውስጡ ግን ይሞቃል፣ ያን ሁሉ ብርድ ውጭ ትቶታል። ልጆቹ ጣራውን ሽቅብ እያዩ ተገረሙ።

ከቤቱ ጎን ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ለመስቀል ስንመጣ ያሠራው የጭቃ ቤት አለ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ አምስት በስድስት ሜትር። የሸማ ቤት ነው። ቦታውን ሽማግሌዎቹ ናቸው የመረጡት፣ ከተቆረጠ ገደል ስር እንዳይሆን ብለው ወደ ሜዳው አወጡት። ያኔ ትንሽ ርቆ ነበር የመሰለኝ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ ናዳው ወርዶ ከ200 ሰው በላይ ሲያልቅ፣ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡት ላይ ሁለተኛው ናዳ ሲወርድባቸው፣ ቦታ መምረጥ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ደጋ ላይ ቤት የምትሠሩ ሰዎች እባካችሁ ከፀሐዩም ከውሃውም በፊት ተዳፋቱን እዩ፣ እዛው የኖሩ ሽማግሌዎችን ጠይቁ።

መስከረም 12፣ እሑድ

ከቤተክርስቲያን መልስ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ሲጠይቀን ዋለ። ምንም ሥራ አልተሠራም። ሚጣ ከጎረቤት ሴት ልጆች ጋር ምንጭ ወርዳ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዛ መጣች፣ ሃያ ደቂቃ መውረድ ነው፣ መውጣቱ ይረዝማል። ትከሻዋን አሻሸሁላት። ዝም ብላ ነበር፣ ከዛ "እነሱ ሃያ ሊትር ነው የሚይዙት፣ በየቀኑ" አለችኝ። ነገሩ ለሷ ከባድ እንደሆነ አየሁ፣ እኔም ከበደኝ። ውሃው መቅደም እንዳለበት ማታውኑ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን ግን ነገ ጠዋት ባለሙያው ለሶላሩ ከጨንቻ ስለሚመጣ ቅደም ተከተሉን አልቀየርነውም።

መስከረም 13፣ ሰኞ

የሶላር ቀን። መጀመሪያ የቤተሰብ ስብሰባ ነበር ማለት ይቻላል፣ ሽቦ ዶርዜ ቤት ውስጥ ይግባ አይግባ በሚለው። የእማማ ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ "ቤቱ ቀርከሃና ቅጠል ነው፣ አንዲት ብልጭታ ከነካችው ልጆቹን አታወጪያቸውም።" ባለሙያውም ተስማማ። ስለዚህ ባትሪውና ኮንትሮለሩ ጭቃ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ሆኑ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ገባ፣ ወደ ዶርዜ ቤት የሚሄደው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም በቱቦ ውስጥ ሆኖ በመሀለኛው ምሰሶ ወርዶ አንድ አምፖል ይይዛል፣ ከክዳኑ ጋር የትም አይነካካም። ሌሎቹ ሦስቱ አምፖሎች በጭቃ ቤቱና በማድ ቤቱ ናቸው። ስልክ ቻርጅ የሚደረገው ጭቃ ቤት ብቻ ነው፣ ይሄ ለልጆቹም ሕግ ነው።

ፓኔሉን ክዳን ላይ አላወጣነውም። ግቢው መሀል ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክለን እዛ ላይ አሰርነው፣ ዛፍም ቤትም ጥላ አያጠላበትም፣ ጠዋት ጤዛውንና አቧራውን ሚጣ በጨርቅ ልትጠርገው ትችላለች። እኛ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ስድስት ዲግሪ አካባቢ ስለሆንን ፀሐይ አናት ላይ ነው የምትሄደው፣ ለጥ ማለት ነበረበት፣ ግን ዝናቡ እንዲያጥበው ወደ ደቡብ ትንሽ አዘነበልነው። ለሚገጥም ሰው አንድ ነገር፦ ኮንትሮለሩ ላይ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ከዛ ፓኔሉን ነው የሚያያዘው፣ ሲፈታ ደግሞ ፓኔሉ ይቀድማል። በ12 ቮልት ደሞ ሽቦ ሲረዝም ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ ወፈር ያለ ሽቦና አጭር መንገድ ይሻላል።

12 ሰዓት ተኩል ሲሆን አበራነው። ጎረቤቶች ግቢው ሞልተው ነበር። ማሙሽ ማብሪያውን እሱ እንዲጫን ተፈቀደለት። አንዲት አሮጊት መብራቱ ስር ቆመው እጃቸውን ሲያዩ ቆዩ፣ ከዛ ከነጠላቸው ውስጥ እንዝርት አውጥተው እዛው ቁጭ ብለው መፍተል ጀመሩ፣ እማማም ባዘቶ አቀረቡላቸው፣ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሲፈትሉ አመሹ።

መስከረም 14፣ ማክሰኞ

ጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፣ የዛሬው ደሞ የመስቀል ገበያ ስለሆነ መላወሻ አልነበረም ይላሉ የሄዱት። ባለቤቴ ቅቤና ጨው ሊገዛ ሄደ። እኔ አሸንዳውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ገጠምኩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ክዳን ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። የኛ ቆርቆሮ 30 ካሬ ነው፣ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 300 ሊትር፣ የሚፈሰውና የሚረጨው ሲቀነስ 240 እንበል። ማታ ዘነበ፣ ሮቶው ውስጥ ሲወርድ እየሰማን እራት በላን። የመጀመሪያውን ውሃ፣ ክዳኑን አጥቦ የሚወርደውን፣ በሌላ ቱቦ ደፋነው። ለመጠጥ የሚሆነውን እናፈላዋለን፣ ካልሆነ ውሃ አጋር እንጨምርበታለን። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ባቄላ ለማብሰል ከአዲስ አበባ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፣ ማገዶም እንደዛው።

የማገዶው ነገር ከእማማ ጋር አወያይቶናል። እኔ ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ በማድ ቤት አስገብቼ ጭሱን ከልጆቹ ላርቅ ነው የፈለግኩት። እማማ "ጭስ ከሌለ ቤቱን ምስጥና ነቀዝ ይጨርሰዋል፣ አባትሽ ይሄን ሁሉ ዓመት ያቆሙት በጭስ ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ቀርከሃው ውስጡ የጠቆረው ለዛ ነው። የማሙሽ ሳልም ልክ ነው። በመጨረሻ እንጀራውና ወጡ ማድ ቤት ሆነ፣ ዶርዜ ቤት ውስጥ እማማ ቀን ቀን ልጆቹ ውጭ ሲሆኑ እሳት ያነዳሉ፣ ማታ ፍሙ ብቻ ይቀራል።

መስከረም 16፣ ሐሙስ

ሴቶቹ እንሰት መፋቅ ሲያስተምሩኝ ዋሉ። ወንዝ ዳር አይደለም፣ ጓሮ ውስጥ እዛው እንሰቱ ጥላ ስር ነው የሚፋቀው። እግር ዘርግቶ ተቀምጦ፣ ቅጠሉን እንጨቱ ላይ ደግፎ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች መግፋት። የሥሩ ይከተከታል፣ ሁሉም በእርሾ ተለውሶ ጉድጓድ ይገባል፣ ደጋ ስለሆነ ወራት ይፈጅበታል። ቢላዋ ከአንዱ እንሰት ወደሌላው ሳይለበለብ አይሄድም፣ አጠውልግ በሽታ በቢላዋ ነው የሚተላለፈው፣ ጓሯችን ውስጥ ሁለት የታመሙ አግኝተው ነቅለው ቀበሯቸው። የተቀሩትን ቆጥረው ቤተሰባችንን ለስንት ዓመት እንደሚያበላ ነገሩኝ። ሱቅ ሳይኬድ፣ ፍሪጅ ሳይኖር፣ መሬት ውስጥ የሚቀመጥ ምግብ። ሸማው፣ ቤቱ፣ ምግቡ፣ ሦስቱም የመብራት መስመር ሳይጠብቁ ነው የተሠሩት። እኛ ያመጣነው አምፖልና ሮቶ በዚህ ላይ የተጨመረ ነው፣ ስለዚህ "ምድረ በዳ ገባችሁ" የሚሉኝ ሰዎች ይሄን ጓሮ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

መስከረም 17፣ ዓርብ፣ መስቀል

ስለ መስቀል ለመጻፍ ዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ገንፎ፣ ዘፈን፣ የተጣላ ሁሉ ታርቆ ነው የሚበላው። ልጆቹ አልተኙም።

መስከረም 27፣ ሰኞ

ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው መመለስ ጀምሯል። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ሊሰናበት መጥቶ "በርግጥ አትመጡም?" አለን። ሸማ ቤቱን አሳየነው። የሸማኔው እግር የሚገባበት ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ እቃው ተተክሏል፣ ድሩ ተደርቷል። ባለቤቴ አዲስ አበባ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋችን አጠገብ ነበር የሚሠራው። የአጎቱ ልጅ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ መሬቱ ላይ የሱም ድርሻ እንዳለው ነገረንና በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል ገንዘብ ይዞ ቢመጣ እንደሚበቃው ጠየቀን፣ የባትሪውንና የሮቶውን ዋጋ ጻፍንለት።

ልጆቹ ዛሬ ትምህርት ቤት ገቡ። የታችኛው ክፍል በጋሞኛ ስለሆነ ማሙሽ ከእማማ የሰማት ጠቅማዋለች፣ ግን ገና ይቀረዋል። ሚጣ በሂሳብ ከክፍሉ ትቀድማለች፣ በመንገዱ ግን ትደክማለች፣ አርባ ደቂቃ በእግር ነው። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቿ ይናፍቋታል፣ እሑድ እሑድ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥታ ትደውልላቸዋለች። ይሄን አልደብቅም፣ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ጨንቻ እትዬ ጋ ሆና ትማር ወይ የሚለውን ከአሁኑ እየተነጋገርንበት ነው።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ጋቢ ትናንት ወረደ። ደንበኛዋ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ነው ያለችው፣ በቴሌግራም ነው ያዘዘችው፣ ክፍያውን አዲስ አበባ ያለ ወንድሟ በቴሌብር ላከልን። ባለቤቴ ዛሬ ሌሊት ተነስቶ ጨንቻ ወርዶ ለአርባ ምንጭ መኪና ሰጠው፣ ከዛ አዲስ አበባ፣ ከዛ በሰው እጅ ይሄዳል። ጥለቱን ያየች አንዲት የሷ ጓደኛም ሁለት ነጠላ አዛለች።

ሰባት ቀን ሙሉ ጉም ነበር፣ ፀሐይ ለአጭር ጊዜ ብቅ እያለች ነው የምትጠፋው፣ ባትሪው አንድ ማታ 35 በመቶ ድረስ ወረደና ሁለት አምፖል አጥፍተን አመሸን፣ በማግስቱ ተመለሰ። ሁለቱም ሮቶ ሙሉ ናቸው። ሚጣ ምንጭ የምትወርደው አሁን በሳምንት አንዴ ሁለቴ ነው፣ እሱም ከጓደኞቿ ጋር ስለምትፈልግ። ዝናቡ ሲያቆም ግን 1,000 ሊትር ለአምስት ሰው፣ በቁጠባ በቀን 50 ሊትር ብንጠቀም፣ ሃያ ቀን ነው የሚያቆየን፣ ስለዚህ ከኅዳር በፊት ሦስተኛ ሮቶ መግዛት አለብን፣ የነጠላዎቹ ገንዘብ ለሱ ነው የሚሄደው። ሽንት ቤቱም ከቤቱ 30 ሜትር ርቆ መቆፈር ተጀምሯል፣ ጎረቤቶች ሰኞ ለመጨረስ ይመጣሉ፣ እኔ ለነሱ ቆጮና ጎመን አዘጋጃለሁ። ባለቤቴ ሲመለስ ከአርባ ምንጭ የመጣ ጥጥ ገበያው ላይ ካገኘ ይዞ ይመጣል፣ እማማና መብራት ስር የሚያመሹት ሴቶች እየጠበቁት ነው፣ ማጉን ሙሉ በሙሉ በእጅ በተፈተለ ክር ልንሠራው ተስማምተናል።